«አይሸፈንም» ከተባለ በኋላ፦ የእህቴ የክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና እና የኢንሹራንሱ ጉዳይ

እህቴን «አይሸፈንም» ያሏት በስልክ ነው። ጃንዋሪ 2024 ላይ ከሥራ ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ እንዳለች ነበር የደወለችው፣ የኢንሹራንስ ካርዷ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር። ብዙ ካስጠበቋት በኋላ አንዲት ልጅ አነሳች። ስምና የትውልድ ቀን ጠይቃ ኮምፒውተሯን አየችና «የክብደት መቀነሻ ሕክምና ፕላንዎ ውስጥ የለም» አለቻት። እህቴ አመስግና ዘጋች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተናገረችም።

ለእኔ ስትነግረኝ ጉዳዩ ያለቀ መስሏት ነበር። አላለቀም ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ቀዶ ጥገናውን ያደረገችው በዚያው ኢንሹራንስ፣ በዚያው ፕላን ነው። በመካከል ያለውን አሥር ወር አብሬያት ስለነበርኩ፣ እሷም ጻፈው ስላለችኝ፣ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

ታላቅ እህቴ ናት፣ 44 ዓመቷ። የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ኢንሹራንሷ በሥራዋ በኩል ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ትልቅ ነው። ቁመቷ 5 ጫማ ከ4 ኢንች ሲሆን ያኔ ክብደቷ 222 ፓውንድ ነበር፣ 100 ኪሎ ግድም ማለት ነው። ስኳር ካለባት ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እየወሰደችም የሦስት ወሩ አማካይ፣ ኤዋንሲ የሚባለው፣ 8.1 ነበር። ሌሊት ደግሞ ትንፋሿ እየተቆራረጠ በቅጡ አትተኛም። በምሳ ሰዓቷ መኪና ውስጥ ገብታ ነበር የምትተኛው።

የቀዶ ጥገናውን ሐሳብ ያመጣችው እሷ አይደለችም። ሐኪሟ ናቸው። ይህን የምለው ሰው ስለሚያወራ ነው። እኛ ዘንድ ወፍራም ሰው ሕክምና ሲፈልግ «አፍሽን ብትዘጊ ይበቃሻል» ይባላል፤ እህቴ ይህን ከቤተ ዘመድም ከወዳጅም ስትሰማ ኖራለች። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ከልክ ያለፈ ውፍረትን በሽታ ብሎ የተቀበለው በ2013 ነው። ከዚያ ወዲህ እንኳ ስንት ዓመት አለፈ፣ ሐፍረቱ ግን አለቀቀንም። የመጀመሪያውን «አይሆንም» ሰምታ ዝም ያለችውም በዚሁ ሐፍረት ይመስለኛል። ስለ ጉልበቷ ወይም ስለ ዓይኗ ቀዶ ጥገና ቢሆን ኖሮ «ለምን?» ብላ ትጠይቅ ነበር፣ አውቃታለሁ።

መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ቢኖር ሰነዱን ማግኘት ነው። ኢንሹራንስ ስትገቡ የሚሰጣችሁ ጥቂት ገጽ ያለው አጭር መግለጫ አለ። እሱ አይበቃም። ሙሉው የፕላን ሰነድ ከመቶ ገጽ በላይ ነው፤ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። እህቴ ለመሥሪያ ቤቷ ኤችአር፣ ለሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉ ማለት ነው፣ በኢሜይል ጻፈች። በጽሑፍ መጠየቁ ለውጥ አለው። ኤሪሳ የሚባለው የ1974 ሕግ በሥራ በኩል ለሚገኝ አብዛኛው ኢንሹራንስ ይሠራል፤ በጽሑፍ የተጠየቀ የፕላን አስተዳዳሪ በ30 ቀን ውስጥ ሰነዱን መስጠት አለበት፣ ካልሰጠ በቀን እስከ 110 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። እኛ ስለ ቅጣቱ ምንም አላነሳንም። በአራተኛው ቀን ላኩላት።

የማይሸፈኑ ነገሮች የተዘረዘሩበት ገጽ ላይ እውነትም «ክብደት ለመቀነስ የሚደረግ ሕክምና» ይላል። የስልኳ ልጅ ያነበበችው ይህንኑ ይመስለኛል። ዓረፍተ ነገሩ ግን እዚያ አያልቅም። ከኮማው በኋላ «የሕክምና መመሪያውን ለሚያሟሉ ሰዎች ከሚደረግ ቀዶ ጥገና በስተቀር» የሚል አለ። «በስተቀር»! ያቺን ቃል ሳነብ ተነስቼ ቆምኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «አይሸፈንም» ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ፕላኑ ጨርሶ ያወጣው ነገር ነው። ውሉ ውስጥ የለም ማለት ነው፤ ሐኪም የፈለገውን ያህል ደብዳቤ ቢጽፍ ያንን መለወጥ ይከብዳል። ያኔ መንገዱ መሥሪያ ቤቱ ለሚቀጥለው ዓመት ፕላኑን እንዲያሻሽል መጠየቅ፣ ወይም በምዝገባ ወቅት ሌላ ፕላን መምረጥ ነው። ሁለተኛው ፕላኑ ይሸፍናል፣ አንተ ግን መስፈርቱን አላሟላህም ወይም ማሟላትህን በወረቀት አላሳየህም የሚለው ነው። ይሄኛው ይግባኝ አለው፣ ሰው የሚያሸንፈውም ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ስልክ ላይ ሁለቱም አንድ ቃል ሆነው ነው የሚሰሙት።

ሌላም ግራ ያጋባን ነገር ነበር። ሜሪላንድ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ይህን ቀዶ ጥገና እንዲሸፍኑ የሚያስገድድ የራሷ ሕግ አላት። አንድ ወዳጃችን ይህን ሰምቶ «ሕግ ነው፣ ምን ታስባላችሁ» አለን። የእህቴ መሥሪያ ቤት ግን ትልልቆቹ እንደሚያደርጉት የሠራተኞቹን ሕክምና የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። ካርዱ ላይ ስሙ ያለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያስተዳድረው። ሰልፍ ፈንድድ ይሉታል። እንዲህ ያለው ፕላን በፌዴራሉ ኤሪሳ ስር ስለሆነ የግዛቱ ሕግ አይደርስበትም። ካርዱን በማየት ብቻ ይህ አይታወቅም፣ ኤችአርን መጠየቅ ነው። እናም የሜሪላንድን ሕግ ተስፋ ማድረግ ትተን ወደ ፕላኑ መመሪያ ሄድን።

መመሪያው የሚጠይቀው የታወቀውን ነው። ቢኤምአይ፣ ማለትም ክብደት ከቁመት ጋር ተነጻጽሮ የሚወጣው ቁጥር፣ 40 ወይም ከዚያ በላይ፣ አለዚያም 35 እና ከዚያ በላይ ሆኖ እንደ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ስሊፕ አፕኒያ (በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሕመም) ያለ ተጓዳኝ በሽታ። ይህ ቁጥር ከ1991 የመጣ ነው፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ያኔ ባወጣው ስምምነት። በ2022 የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት አዲስ መመሪያ አውጥተው፣ ቢኤምአይ 35 ከሆነ ተጓዳኝ በሽታ ባይኖርም ቀዶ ጥገናው ይመከራል ብለዋል፤ ስኳር ላለበት ደግሞ 30ም ሊታሰብ ይችላል። የእህቴ ፕላን ግን አሁንም በአሮጌው ነው የሚሄደው። የእሷ ቢኤምአይ 38.1 ነበር፣ ስኳርም አለባት፣ ስለዚህ በቁጥሩ በኩል ችግር አልነበረም። ለስሊፕ አፕኒያው ግን በቃል መናገር አይበቃም። ቤት ውስጥ ጣት ላይና ደረት ላይ የሚታሰር መሣሪያ ሰጥተዋት አንድ ሌሊት ተኛችበት። በሰዓት 22 ጊዜ ትንፋሿ ይቆራረጣል ወይም ይቀንሳል የሚል ውጤት መጣ። መካከለኛ ደረጃ የሚባለው ከ15 እስከ 30 ያለው ነው። ያንን ቁጥር ሳይ ደነገጥኩ። በየምሳ ሰዓቱ መኪና ውስጥ የምትተኛው ለዚህ ነበር።

ከዚህ ሌላ የሥነ ልቦና ምርመራ፣ የምግብ ባለሙያ፣ የጨጓራ ምርመራ፣ የደም ምርመራ አለ። እነዚህ ጊዜ ይወስዳሉ እንጂ አያስቸግሩም። አስቸጋሪው ስድስቱ ወር ነው። ፕላኑ ከቀዶ ጥገናው በፊት ስድስት ተከታታይ ወር በሐኪም ክትትል ክብደት ለመቀነስ መሞከር አለባት ይላል። በየወሩ አንድ ቀጠሮ፣ በየቀጠሮው ክብደቷ፣ የአመጋገብ ምክሩና የእንቅስቃሴው ነገር መጻፍ አለበት። ተከታታይ ነው የሚለው። አንድ ወር ከተዘለለ ከዜሮ ነው የሚጀመረው።

በ2016 የቀዶ ሐኪሞቹ ማኅበር እንዲህ ያለው የግዴታ የማቅጠኛ ጊዜ በማስረጃ የተደገፈ አይደለም፣ የሚያስፈልገውን ሕክምና ከማዘግየት በቀር ጥቅም የለውም ብሎ አቋሙን ጽፏል። እኔም እንደዚያው ነው የማምነው። ሰው ሃያ ዓመት ሲሞክር ኖሮ፣ ስድስት ወር ተጨማሪ ሞክር ማለት ምንድነው? ግን ውል ውል ነው፣ እህቴ ገባችበት። ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ።

እህቴ ስትይዝ የምር ነው የምትይዘው። የበላችውን ሁሉ ትጽፋለች። የምግብ ባለሙያዋ ፎርም ላይ እንጀራ ስለሌለ በእጇ እየጻፈች፣ የወጡን ዘይት በማንኪያ እየለካች። በስድስት ወር ውስጥ 13 ፓውንድ ቀነሰች፣ 209 ደረሰች። መደሰት ሲገባን ጭንቀት መጣ። በእሷ ቁመት ቢኤምአይ 35 ማለት 204 ፓውንድ ነው። አምስት ፓውንድ ብቻ ቀርቷታል። ከዚያ ከወረደች መስፈርቱን አታሟላም ይሏት ይሆን? አንድ ቀን ማታ ደውላ «ልብላ እንዴ ታዲያ?» አለችኝ። ድምጿ እየተንቀጠቀጠ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የታመመ ሰው አፍ ውስጥ የሚያስገባ ደንብ ያሳዝናል። ሰነዱን እንደገና ከፈትን። የእሷ ፕላን የሚያየው ፕሮግራሙ ሲጀመር የነበረውን ክብደት ነው ይላል፣ ተጽፏል። ሁሉም ፕላን እንዲህ አይልም፤ አንዳንዱ በጥያቄው ቀን ያለውን ነው የሚያየው። የራሳችሁን ሳታነቡ እንዳትገምቱ።

ኦገስት 12 ላይ የቀዶ ሐኪሙ ቢሮ የቅድሚያ ፈቃድ ጥያቄውን ለኢንሹራንሱ ላከ፣ ቀዶ ጥገናው ከመደረጉ በፊት እሺ እንዲሉ። ቀዶ ሐኪሙ ጋስትሪክ ባይፓስ ነው የመረጡላት፤ ጨጓራውን አሳንሶ በቀጥታ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘው ቀዶ ጥገና ነው። እህቴ ቃር ስለሚያስቸግራት፣ አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ የሚያወጣው ስሊቭ ደግሞ ቃርን ሊያባብስ ስለሚችል ነው። ጥያቄው ላይ የቀዶ ጥገናው ኮድ 43644 ተብሎ ይጻፋል። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ብትደውሉ መልሱ ይለያል። «የክብደት ሕክምና ይሸፈናል?» ስትሉ የምታገኙት መልስና «ኮድ 43644 በዚህ ፕላን ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል?» ስትሉ የምታገኙት አንድ አይደለም። እኛ ጃንዋሪ ላይ ይህን አናውቅም ነበር።

ኦገስት 27 ደብዳቤው መጣ። ውድቅ። ምክንያቱ አንድ መስመር ነው፦ ስድስት ተከታታይ ወር ክትትል መደረጉ አልተረጋገጠም፣ የሜይ ወር የለም።

እህቴ ሜይ ላይ ሄዳለች። እኔ ነኝ ያደረስኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው። በዚያ ወር ሐኪሟ ፈቃድ ላይ ስለነበሩ ሌላ ባለሙያ ናት ያየቻት። እህቴ ያን ሰሞን ሳል ይዟት ነበርና ባለሙያዋ ማስታወሻው ላይ ስለ ሳሉ ጻፈች። ክብደቷ ተመዝኗል፣ ቁጥሩ አለ። ስለ ምግብ ግን አንድ ቃል የለም። እህቴ እንደምትለው ስለ ምግቡም አውርተዋል፣ ግን ማን ያየዋል? ኢንሹራንሱ ፊት የሚቀርበው እሷ አይደለችም፣ ወረቀቷ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር በስልክ ተነጋገሩ። ሐኪም ለሐኪም የሚደረግ እንዲህ ያለ ንግግር አለ፣ ብዙ ጊዜ ቀነ ገደቡ አጭር ስለሆነ ቶሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሴፕቴምበር 5 ነበር። አልሠራም። የዚያኛው ሐኪም መልስ «መመሪያው ስድስት ይላል፣ የማየው አምስት ነው» የሚል ነበር።

ከዚያ ባለሙያዋን ጠየቅናት፣ ማስታወሻው ላይ ተጨማሪ ልትጽፍ ትችል እንደሆነ። ሐኪሞች የዘገየ ጭማሪ መጻፍ ይችላሉ፣ የጻፉበትን ትክክለኛ ቀን አስቀምጠው። እሷ ግን የማላስታውሰውን አልጽፍም አለች። እህቴ ተናደደች፣ እኔም። ቆይቼ ሳስበው ግን ልክ ናት። ከአራት ወር በኋላ የማታስታውሰውን ብትጽፍ ሐሰት ነው የሚሆነው፣ ያ ወረቀት ደግሞ ቢመረመር እህቴንም ይጎዳል።

እህቴ ሳሎን ካቢኔዋ ውስጥ አንድ ፌስታል አላት። ከሐኪም ቤት ስትወጣ የሚሰጧትን ወረቀት ሁሉ እዚያ ትከታለች፤ አንብባው አይደለም፣ መጣል ስለማትወድ ነው። አንድ እሑድ መሬት ላይ ዘርግተን በየወሩ ደረደርነው። የሜይ 14 ወረቀት ተገኘ። ለታካሚ የሚሰጠው የቀጠሮው ማጠቃለያ ነው፣ አራት ገጽ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የአመጋገብ መመሪያ አለ፦ በቀን ስንት ካሎሪ፣ ስንት ግራም ፕሮቲን፣ በሳምንት 150 ደቂቃ የእግር ጉዞ። ከላይ ስሟ፣ ቀኑና ክብደቷ ታትሟል። ሐኪም ቤቱ ለኢንሹራንሱ ፋክስ ያደረገው የባለሙያዋን ማስታወሻ ብቻ ነበር፣ ይህን ገጽ አልላከም። እህቴ ወረቀቱን ይዛ አለቀሰች።

ይግባኙን ለመጻፍ ሦስት ነገር ሠራን። የመጀመሪያው እኔ በእሷ ስም እንድነጋገር የውክልና ፎርም መሙላት ነው። እሷ በሥራ ሰዓት ስልክ መያዝ አትችልም። እግረ መንገዴን፣ እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለ፣ «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ኢንሹራንሱ ውሳኔውን የሰጠበትን ሙሉ ፋይል ጠየቅን። በነፃ መስጠት ግዴታቸው ነው። ፋይሉ ሲመጣ የሜይ ማጠቃለያ እውነትም እዚያ ውስጥ እንደሌለ አየን፤ ማለትም ሐኪማቸው አይቶ አልናቀውም፣ ጭራሽ አልደረሰውም። ይህን ማወቃችን የደብዳቤውን ቃና ለወጠው። በንዴት የጻፍኩትን የመጀመሪያውን ቀደድኩት።

ሦስተኛው ደብዳቤው ነው። ሁለት ገጽ ብቻ። የመመሪያውን ቃል እንዳለ ገለበጥን፣ ከስሩ ስድስቱን ወር በቀን፣ በክብደትና በሚገኝበት ገጽ ቁጥር ደረደርን። ሜይ ላይ ማጠቃለያውን አያያዝን። ቀዶ ሐኪሙና የስኳር ሐኪሟ አንዳንድ ገጽ ጻፉ። የ2016ቱን አቋምና የ2022ቱን መመሪያ የጠቀስነው መጨረሻ ላይ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ምነው በእሱ አልጀመራችሁም ያለን ሰው ነበር። ወረቀቱን የሚያነበው ሰው መመሪያውን የመቀየር ሥልጣን የለውም፤ የተሟላውን የተሟላ ነው ለማለት ግን ሥልጣን አለው። ለዚያ ሰው የሚያስፈልገውን ነው መስጠት ያለብን ብለን ነው።

ለይግባኝ ያለው ጊዜ 180 ቀን ነው። ለእኛ እስከ ፌብሩዋሪ 2025 ይደርስ ነበር። አልጠበቅንም፣ ምክንያቱም ዓመቱ እያለቀ ነው። እህቴ በምርመራዎቹ ብዛት የዓመቱን ዲዳክቲብል፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሷ የምትከፍለውን፣ ከፍላ ጨርሳለች፣ ጃንዋሪ 1 ሲሆን ግን እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሴፕቴምበር 23 በፋክስም በአደራ ፖስታም ላክን፣ የፋክሱን ማረጋገጫ አስቀመጥን። ገና ላልተደረገ ሕክምና መልሱ ከ30 ቀን መብለጥ የለበትም። እምቢ ቢሉን ቀጣዩ የውጭ ገምጋሚ ነበር። ከኢንሹራንሱ ውጭ የሆነ ሐኪም ፋይሉን ያያል፣ ለመጠየቅ አራት ወር አለ፣ ውሳኔው ኢንሹራንሱን ያስገድደዋል። የዚያንም ፎርም ሞልተን ነው የጠበቅነው።

ኦክቶበር 18 ተፈቀደ። በሃያ አምስተኛው ቀን። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለ90 ቀን ነው ይላል፣ ስለዚህ በዚያኑ ቀን ለቀጠሮ ተደወለ። ጉበት እንዲቀንስ ሁለት ሳምንት ፈሳሽ ነገር ወሰደች፣ ኖቬምበር 19 ቀዶ ጥገናው ተደረገ። በሁለተኛው ቀን ቤቷ ገባች።

ፈቃዱ ሁሉን አይሸፍንም። ዕድሜ ልኳን የምትወስደውን ቫይታሚን ራሷ ነው የምትገዛው። ወደፊት የሚንጠለጠል ቆዳ ማስወገድ ብትፈልግ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው፣ አብዛኛው ፕላን እንደ ውበት ነው የሚያየው።

ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ደግሞ ከማደንዘዣ ሐኪሙ 3,180 ዶላር ክፈይ የሚል ወረቀት መጣ። ሆስፒታሉ ከኢንሹራንሱ ጋር ይሠራል፣ ማደንዘዣ ሐኪሙ ግን አይሠራም ተባለ። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ሕግ አለ፦ ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ባለው፣ ኔትወርክ ውስጥ ነው በሚባለው ሆስፒታል፣ ሰውየው ያልመረጠው ማደንዘዣ ሐኪም ከኔትወርክ ውጭ ቢሆን እንኳ፣ ታካሚው ኔትወርክ ውስጥ ላለ ሐኪም ከሚከፍለው ድርሻ በላይ አይጠየቅም። በዚህ ጊዜ እኔ አልደወልኩም። እህቴ ራሷ ደወለች፣ በምሳ ሰዓቷ፣ መኪናዋ ውስጥ ሆና። የሕጉን ስም ነገረቻቸው፣ የሚያነጋግራትን ሰው ስምና ሰዓቱን ጻፈች፣ መልሱን በጽሑፍ ላኩልኝ አለች። በሦስተኛው ሳምንት ሂሳቡ ዜሮ የሆነበት ወረቀት መጣላት።